የበቅሎዬን ጥፋት ለብሼ ችሎት የቆምኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜ… አትሳቁ! «በእኛ ጊዜ» ስላችሁ የጥንት ወሬ የማመጣ እየመሰላችሁ ዓይን ለዓይን አትጠቃቀሱ። ካቻምና ነው። ካቻምናም የእኛ ጊዜ ነው፤ እኔ በእግሬ ቆሜ እስከሄድኩ ድረስ ጊዜው የእኔ ነው። እና በእኛ ጊዜ፣ ካቻምና ማለቴ ነው፣ እኔ ተገኘ ከቢቸና ሞጣ ድረስ ሄጄ፣ ያልሠራሁትን ወንጀል «አዎን፣ እኔ ነኝ» ብዬ አምኜ፣ አንድ እግሬን ወህኒ አስገብቼ ሁለተኛውን ሳነሳ ነው የተመለስኩ። ለጥቂት! ለጥቂት ነው የምልህ መምህር። ዳኛው ብዕሩን አንስቶ ነበር።

ነገሩ የመጣው በዳሚት ነው። አንተ የወለጋ ልጅ ነህ፣ ቤቴን ከተከራየህም ገና ነህ፣ ዳሚትን አታውቃትም። በቅሎዬ ናት። ዳማ ስለሆነች ዳሚት አልናት። እንዲህ ያለች በቅሎ በዚህ በምሥራቅ ጎጃም አልተወለደችም፣ ወደፊትም አትወለድም። ስትሰግር ከላይዋ ቁጭ ብለህ ሙሉ ጠላ ብትይዝ ጠብ አይልም። ምን አልሽ ትሁኔ? ፈስሷል? የፈሰሰው ዋንጫው ስንጥቅ ስለነበረ ነው! ይህች ባለቤቴ፣ መምህር፣ እኔ የተናገርኩትን ሁሉ ግማሹን ትቀንሳለች። እኔም ይህን ስለማውቅ አስቀድሜ እጥፍ አድርጌ ነው የምናገር፤ ያኔ ልኩ ይመጣል።

ታዲያ ልጃችን የሻረግ የተዳረችው ሞጣ ነው። ያገባት የካሴ ልጅ ነው። ካሴ አማቴ ማለት ነው፣ የእሱ ወንድ ልጅ የእኔን ሴት ልጅ ይዞ። እና ካሴ በወጣትነቱ ጉግስ ተጫዋች ነበር። ሲያወራ ብትሰማው ፈረስ ላይ ተወልዶ፣ ፈረስ ላይ ጡት ጠብቶ፣ ፈረስ ላይ የሚቀበር ነው የሚመስልህ። ስለ ጋማ ከብት በሞጣ ከካሴ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይህን የነገረኝም ራሱ ካሴ ነው።

የሻረግ ወንድ ልጅ ወለደችና ክርስትናው ደረሰ። እኔም ዳሚትን ኮርቻ ጭኜ፣ ደብረ ወርቅ አድሬ፣ ሞጣ ገባሁ። «ምነው በሚኒባስ ብትሄድ» ብለውኝ ነበር። በሚኒባስ? ከዶሮና ከጀሪካን ጋር ተጣብቄ? አያት ለልጅ ልጁ ክርስትና በበቅሎ ነው የሚገባ! ስገባም ሞጣ ቀጥ አለች። ባጃጅ ሁሉ ቆመ። እሺ ትሁኔ፣ አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ሰው ሊያወርድ ነበር የቆመ። ይሁን።

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ታዲያ ጠላው ገባ ገባ ሲል «የልጁ ስም ማን ይሁን» ተባለ። እኔ «ታደለ ይባል» አልኩ። ካሴ «የለም፣ መኮንን ነው የሚባል» አለ።

«እንዴት መኮንን ይባላል? ይህ ልጅ ሹመት ፈላጊ ነው?» አልኩት።

«በአባቱ አገር፣ በአባቱ ዳስ፣ በአባቱ ጠላ ሰክረህ አንተ ስም ታወጣለህ?» አለኝ።

«በሆዷ ተሸክማ የወለደች የእኔ ልጅ ናት!»

«ዘሩ የእኔ ነው!»

እንዲህ እንዲህ እየተባባልን ከዳሱ ወጣን። ደሜ ፈላ፣ እና ዱላዬን ከፍ አደረግሁና «ዛሬ ይህን ዱላ ካላቀመስኩህ ተገኘ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። ይህን ሞጣ በሙሉ ሰማ። ያቺ ቃል ናት እንግዲህ በኋላ ጉድ ያፈላችው። ካሴ ምን አደረገ? ናቀኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ ዳሚት ታስራ በቆመችበት በኋላዋ በኩል አለፈ። ልብ በል መምህር! ፈረሰኛ ነኝ የሚል ሰው በማያውቃት በቅሎ ኋላ ያልፋል? ያልፋል እንጂ፣ ያውም «ዞር በይ አንቺ የቢቸና ባልቴት» ብሎ ጭኗን በጥፊ ጠፈጠፋት። እሷም… ጧ! አንድ ጊዜ ብቻ። መብረቅ ነው። የካሴ ቅልጥም ሲሰበር ደረቅ እንጨት ሲሰበር የምትሰማውን ድምፅ ሰማሁ።

ከዳሱ ሰው ግር ብሎ ሲወጣ ምን አየ? ካሴን መሬት ላይ፣ እኔን ከበላዩ፣ ዱላዬ ሰማይ ላይ። ደንግጬ ዱላዬን ማውረድ ረስቻለሁኮ! ዳሚትማ ድርቆሿን ትበላለች፤ ምንም የማታውቅ፣ የጾም ቀን መነኩሲት ነው የምትመስለው።

«ገደለው!» ብሎ ጮኸ የካሴ ታናሽ ወንድም። ሮጦ ፖሊስ አመጣ። ፖሊሱ «ምን ተፈጠረ?» ቢለኝ «የዘመድ ነገር ነው፣ ሽማግሌ ይየው» ብዬ አፌን ዘጋሁ። ካሴም ሐኪም ቤት ተኝቶ ሲጠየቅ «ከኋላዬ ነው፤ አላየሁም» አለ። በቃ። ዱላዬ ከእኔ ቀድሞ ጣቢያ ገባ፤ እኔ በዋስ ስወጣ እንኳ እሱ እዚያው ቀረ።

ታዲያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ጠባዩን ታውቀዋለህ መምህር፣ በእናንተም አገር ይኖራል። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ላቀው ነበሩ፣ ቅኔ ያስተማሩ፣ ጢማቸው እስከ መቀነታቸው የሚደርስ። በእኛ ዘንድ እርቅ ዝርዝር አይወድም። ማን ምን አለ፣ ማን ቀድሞ ሰደበ፣ ይህ ከተቆጠረ እርቅ አይወርድም፣ እና የቆመው ለወደቀው «አጥፍቻለሁ» ይላል። ደግሞም ከብት ያጠፋ እንደሆነ ባለቤቱ «ከብቴ አጠፋ» አይልም፣ ነውር ነው፤ «እኔ አጠፋሁ» ነው የሚል። ከብት አፍ የለውማ። እንዲያም ሆኖ እኔ ነገሩን ላስረዳ ፈልጌ «መሪጌታ፣ ነገሩ እኮ…» ስል፣

«ነገሩን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። «እኛ የመጣነው ነገሩን ልንቀብር ነው እንጂ ልንቆፍር አይደለም። ካሴ ተኝቷል፣ አንተ ቆመሃል። ድንጋዩን አንሣ!»

አነሳሁ። አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ያ ድንጋይ የወፍጮ መጅ ያህላል… የወፍጮውን እናቱን ያህላል እንጂ! ተሸክሜ ካሴ አልጋ ሥር ተደፋሁና «እግርህን የሰበርኩ እኔ ነኝ፤ ስለ እመቤቴ ማርያም ማረኝ» አልኩ። ካሴም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ መስቀል ተሳለምን፣ ዳቦ ተቆረሰ። የልጁን ስም እንደሆነ የሻረግ «ሁለታችሁ እስክትስማሙ ልጄ ሚስት ያገባል» ብላ ራሷ አውጥታለት ነበር። ሰላም ወረደ። እኔም ዳሚትን ጭኜ እየዘፈንኩ ቢቸና ተመለስኩ።

ሰላም የወረደ መስሎኝ ነበር። መጥሪያ መጣ። «ታርቀናልኮ» ብላቸው፣ «አባት፣ አጥንት የተሰበረበት ነገር በእርቅ አይቀርም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው» አሉኝ። እኔም ሄድኩ። ጠበቃ እናቁምልዎት ሲሉኝ «ለሚያምን ሰው ጠበቃ ምን ይሠራለታል?» አልኩ። አየህ እንግዲህ ድፍረቴን!

ዳኛው ልጅ እግር ነው፤ መነጽር አድርጎ፣ ካባውን ደርቦ፣ ሳቅ የሚባል ነገር ከተወለደ አልጎበኘውም። ክሱ ተነበበ። «በያዘው ዱላ የግል ተበዳይን ቀኝ እግር ሆን ብሎ በመምታት…» እያለ ይቀጥላል።

«ክሱ ገብቶዎታል?» አለኝ።

«ገብቶኛል ጌታዬ።»

«ድርጊቱን ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?»

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላ ወንበር መሪጌታ ተቀምጠዋል፣ የሻረግ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፣ የካሴ ዘመድ ሁሉ ተደርድሯል። አሁን «አልፈጸምኩም» ብል እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። በመስቀል ፊት «እኔ ነኝ» ያልኩትን በወረቀት ፊት «እኔ አይደለሁም» ልል ነው? ልጄስ በዚያ ቤት እንዴት ትኖራለች? «የቃለ አባይ ልጅ» ሲሏት? እና፣

«ፈጽሜያለሁ» አልኩ።

«በዱላ መትተዋቸዋል?»

«መትቻለሁ።»

«ሆን ብለው?»

«ክቡር ዳኛ፣ ሁሉንም አምኛለሁ፤ ያነሰ ነገር ካለም ይጨመርበት!»

ሽማግሌ ፊት እንዲህ ስትል «አይ፣ በቃህ፣ በቃህ፣ ልጄ ተነሥ» ነው የምትባለው። እኔም አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ይቅር ይበልህ» እስክባል እጠብቃለሁ። እጠብቃለሁ፣ ዝም። ቀና ብል ዳኛው ይጽፋል። ጻፈ፣ ጻፈ፣ ጻፈና «ተከሳሹ በራሱ የእምነት ቃል ጥፋተኛ ነው። ለቅጣት ውሳኔ ተቀጥሯል፤ እስከዚያ በማረፊያ ቤት ይቆይ» አለ። ፖሊሱ ክንዴን ሲይዘኝ «ወዴት ነው? ዳቦው የታለ?» ማለት ነው የቀረኝ።

አሁን ትስቃለህ መምህር። ያኔ ግን… ትሁኔን ጠይቃት። ቢቸና ወሬው ሲደርስ ይህች ሴት ምድጃዋን አጥፍታ ቁጭ አለች። በዚህ ዕድሜዬ ብገባ በእግሬ የምወጣ አይመስለኝም ነበር። ማረፊያ ቤት አንድ ጎረምሳ «አባባ፣ በምን ገቡ?» ቢለኝ «በትሕትና» አልኩት።

ታዲያ አንዲት ልጅ መጣች። ሰዓዳ ትባላለች፤ መንግሥት ያቆማት ተከላካይ ጠበቃ፣ የደሴ ልጅ፣ ሻሿን ሸብ አድርጋ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። «አባቴ፣ ቅጣቱ እንዲቀልልዎ ማመልከት አለብን፤ እስቲ እንዴት እንደመቷቸው በዝርዝር ይንገሩኝ» አለች።

«እንዴት እንደመታሁት?»

«አዎ። በየትኛው እጅዎ ነው?»

«እጅ ምን አላት?»

«ማን?»

«ዳሚት።»

«ዳሚት ማናት? ሴት ነበረችበት እንዴ?»

«ነበረች እንጂ። በኋላ እግሯ ነው ያገኘችው።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔም ከጥፊው እስከ ጧ! ድረስ አንድ ሳልቀንስ ነገርኳት። ጨመርክ? ምንም አልጨመርኩ ትሁኔ፤ ያን ቀን የሚጨመር ጉልበት አልነበረኝም።

«እና ምን ሊያደርጉ አመኑ?!» ብላ ጮኸች። ፖሊሱ ሁሉ ዞር አለ። «በእኛም አገር ሽምግልና አለ፤ አያቴ ሲያስታርቁ ነው ያደግሁት። ዳኛ ግን ሽማግሌ አይደለም አባቴ! ሽማግሌ 'አጥፍቻለሁ' ሲሉት ይምርዎታል፤ ዳኛ 'አጥፍቻለሁ' ሲሉት ይቀጣዎታል!»

«አሁንማ ምን ይደረጋል ልጄ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

«የለም! ቅጣቱ ገና አልተነገረም። ቅጣት ከመነገሩ በፊት ያመኑት በስህተት መሆኑን ፍርድ ቤቱ ከተረዳ ቃልዎ 'ክዷል' ተብሎ ይለወጣል፤ የጥፋተኝነቱ ፍርድም ይነሳል። ከተቀጡ በኋላ ግን ይግባኝ ነው፤ ረጅም መንገድ ነው። ያለን ይኸው ቀጠሮ ብቻ ነው።»

«አልልም» አልኳት። «መስቀል ተሳልሜበታለሁ።»

እሷም ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? በእግሯ ሄዳ መሪጌታን ይዛቸው መጣች! ያን ያህል ጢም ይዛ መጣች! መሪጌታ ነገሩን ሰሙና፣

«ተገኘ» አሉኝ፣ «እኔ ነገሩን ጠይቄሃለሁ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ዳኛው ጠይቆሃል?»

«ጠይቆኛል።»

«እንግዲያው! እኔ ላልጠየቅሁህ ዝም አልክ፣ ደግ አደረግህ። እሱ ሲጠይቅህ ግን ዋሸህ። 'በሐሰት አትመስክር' ሲል በሰው ላይ ብቻ ነው ያለህ? በራስህም ላይ ነው። እርቁ እንደሆነ በእኔ ነው፤ ማንም አያፈርሰው። 'በቅሎ ገመዷን በጠሰች፣ በራሷ አሳጠረች' ሲባል አልሰማህም?»

እፎይ አልኩ። አንዱ ድንጋይ ከአንገቴ ወረደ። ሌላው ድንጋይ ግን በማግሥቱ በክራንች እየተደገፈ መጣ። ካሴ ነው! ታራቂ ነውና ምሳ ይዞልኝ መጣ፣ የሻረግ ሳህኑን ይዛለት። ልጄን «እስቲ ፈቀቅ በይ» አላትና በአጥሩ በኩል ተጠጋኝ።

«በቅሎዋ ናት ልትል ነው አሉ» አለኝ።

«በቅሎዋ ናታ!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?!»

«ሰኮናዋ ሲመጣ አይቼዋለሁ። ቀስ በል፣ አትጩህ። ተገኘ፣ እኔ ካሴ ነኝ። ጉግስ የተጫወትኩ፣ ስንት ፈረስ የገራሁ። አሁን 'ካሴ በቅሎ ረገጠው' ይባልልኝ? ያውም የቢቸና በቅሎ? ለፋሲካ ሴቶቹ ዘፈን አያወጡልኝም? በዱላ ተመታ ቢባል የወንድ ወግ ነው።»

«እኔ ልታሰር ነው አንተ ሰው!»

«ስንቅ አላጓድልብህም» አለኝ። በእናቴ! እንዲህ አለኝ። ዓይኑ ደግሞ እንባ ሞልቷል። መሳደብም አልቻልኩም። ወዳጄን ላዋርደው ነው ወይስ እኔ ወህኒ ልገባ ነው? ሰዓዳም ነግራኛለች፤ «የግል ተበዳዩ 'በዱላ ነው' ካሉ፣ ያንን ዛቻም ሰው ሁሉ ስለሰማው፣ ቃሉ ቢለወጥም ነገሩ ይከብዳል» ብላኛለች። እና ተጋድሜ ጣራ ጣራውን እያየሁ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አሰብኩና አንድ ነገር መጣልኝ። ካሴን ዝቅ ማድረግ አልችልም። ዳሚትን ግን ከፍ ማድረግ እችላለሁ! ለዚህማ ፈጥሮኛል!

ቀጠሮው ደረሰ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ «ተከሳሹ ዝቶ፣ ዱላ አንሥቶ፣ በገዛ አማቹ ላይ፣ በክርስትና ድግስ…» እያለ ከባድ ቅጣት ጠየቀ። ዳኛው ብዕሩን አነሳ። ሰዓዳ ብድግ አለች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ የሰጡት የእምነት ቃል የተሳሳተ ስለሆነ እንዲነሳልን እንጠይቃለን።»

«ቅጣት ሲመጣ ነው የካዱት!» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ደጋግሜ ጠይቄዎት ነበር። 'ይጨመርበት' ሁሉ ብለዋል። አሁን ምን ተገኘ?»

«ክቡር ዳኛ» አልኩ፣ «ያን ቀን የተናገርኩት የሽማግሌ ፊት ቃል ነው። በእኛ ዘንድ ከብት ሲያጠፋ ባለቤቱ ነው የሚያምን። እኔ ዱላ አነሳሁ እንጂ አላሳረፍኩም። የመታች በቅሎዬ ዳሚት ናት።»

ችሎቱ ሳቀ። ካሴ ከኋላ አንገቱን ቀበረ። እኔም አሁን ነው ጊዜው ብዬ ቀጠልኩ፣

«ይሁን እንጂ ክቡር ዳኛ፣ ዳሚትን በቅሎ ናት ብለው እንዳይንቋት! በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ ዳሚት ግን ብትጠየቅ አንበሳ ነው የምትል። አንድ ጊዜ ጅብ መጣባት። ረገጠችው። የዚያ ጅብ ዘመዶች እስከ ዛሬ በቢቸና በኩል አያልፉም፤ ዞረው ነው የሚሄዱ። የአይሱዙ በር ረግጣ በሩ ከዚያ ወዲህ አልገጥምም እንዳለ አለ። ይህች በቅሎ የረገጠችው ፍጡር በሕይወት ተርፎ አያውቅም። አንድ ሰው ብቻ ተረፈ። አማቴ ካሴ! ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬ ተዝካሩን በልተን ነበር። እሱ ግን የጉግስ አጥንት ነውና ተቀበላት። ወደቀ እንጂ አልጮኸም። ቁጭ ብሎ 'ጋቢዬን አቀብሉኝ' ነው ያለ…»

«ቁጭ አላልኩም!»

ዞር ስንል ካሴ በክራንቹ ቆሟል። ክራንቹን ወለሉ ላይ ደቅ አደረገው። «ቁጭ አላልኩም፤ በአንድ ጉልበቴ ነበርኩ!»

«ጸጥታ! እርስዎ ማን ነዎት?» አለ ዳኛው።

«የተረገጥኩት ነኛ!»

ዳኛው ቀስ ብሎ፣ «በምን?» አለው።

ካሴ እኔን አየኝ፣ መሪጌታን አየ። «በ… በቅሎዋ» አለ።

«በዱላ አልተመቱም?»

«በማን ዱላ? በእሱ? ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው እኮ ዱላ ሲያነሳ ክንዱ እንደ ሸምበቆ ነው የሚንቀጠቀጥ! እሱ እኔን ይሰብረኛል? ይህችን የመሰለች ጅብ ገዳይ በቅሎ ረገጠችኝ እንጂ! እየመጣች አይቻታለሁ፤ አልሸሸሁም!»

መምህር፣ እንዲህ ሲሰድበኝ እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም። ሸምበቆ ሲለኝ «ይጨምርልህ» አልኩ በሆዴ። የሻረግ እልል ልትል ስትል ፖሊሱ በዓይኑ ገሠጻት።

ዳኛው ብዙ ጻፈ። ያን ቀን ግን መጻፉ አላስፈራኝም። ከዚያም «ተከሳሹ ቀድሞ የሰጠው ቃል በትክክል ማመን አለመሆኑን ፍርድ ቤቱ ተረድቷል። የጥፋተኝነቱ ፍርድ ተነሥቷል። ክዶ እንደተከራከረ ተመዝግቧል፤ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ያቅርብ፤ ተከሳሹ በዋስ ይውጣ» አለ። ለእኔም «አባት፣ ከእንግዲህ እዚህ ሲመጡ የሆነውን ብቻ ይናገሩ። ጅቡንም ይቀንሱ» አለኝ።

«ጅቡን ግማሹን ቀንሼዋለሁ ጌታዬ» አልኩ።

ያ ልጅ ሳቀ! እግዜር ያሳያችሁ፣ በመነጽሩ ሥር ሳቀ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ካሴ ምሎ ያንኑ መሰከረ። ያከመው ሐኪምም፣ ከአዋሳ ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፣ «እግራቸው ላይ ያየሁት ሰምበር ክብ ነበር፤ የዱላ ሰምበር ረጅም ነው» አለ። እዚህ ላይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ መዝገቡን ዘጋ። «በነፃ ይሰናበቱ» ተባልኩ። ደጅ ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዓዳ «አሞዎት ነው?» ብትለኝ «የለም ልጄ፣ አየሩን እየቀመስኩት ነው» አልኳት። መሪጌታ መጡና ካሴን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በአንድ እጃቸው ይዘው መረቁን። ጉድ እኮ ነው፤ ያን ለት ካሴ በሞጣ ጠላ ቤት ገብቶ፣ «ረገጠችኝኮ! ያቺ ጅብ ገዳይ!» እያለ ሲያወራ ሰው ከቦት ዋለ። እኔ የተናገርኩት አንድ ጅብ ነበር፤ እሱ ጋ ሲደርስ መንጋ ሆኗል።

ስመለስ ግን በሚኒባስ ነው የመጣሁ። ከዶሮና ከጀሪካን ጋር ተጣብቄ። ያን ለት ያ ሚኒባስ ለእኔ የንጉሥ ሰረገላ ነበር። ቢቸና ስወርድ ይህች ሴት መንገድ ላይ ቆማ ነበር። ጋቢዬን አስተካከለችልኝና ወደ ቤት ገባን።

እና መምህር፣ ይህን ያዝልኝ። ሽማግሌ የሚፈልገው ልብህን ነው፣ «አጥፍቻለሁ» በለውና ታረቅ። ዳኛ የሚፈልገው የሆነውን ነው፣ የሆነውን ስጠው። እኔ ለዳኛው ልቤን ሰጥቼው ሊያስረኝ ነበር! ሰው በትዕቢት ብቻ የሚታሰር እንዳይመስልህ፤ በትሕትናም ይታሰራል።

— ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ትሑት ሰው እኔ አይቼ አላውቅም። ያላደረጉትን ሁሉ አመኑ!

— ትሑት? አይ መምህር! ሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ «አጥፍቻለሁ» አለ፤ ዳኛ ፊት «አጥፍቻለሁ» አለ፣ ሊታሰር ነበር። እኔ ትሁኔ ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ «አጥፍቻለሁ» ብሎኝ አያውቅም!

— ላንቺማ እንዴት ብዬ! አንቺ ፊት ካመንኩ ይግባኝ የለውማ!